ሰባቱ ቡናማ ትሎች

የቢያዝን ሥራ ትል መጠበቅ ነበር። ሰው ሲጠይቀው «የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ» ይላል እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና አጠገብ ባለ አንድ ኮሌጅ፣ በአሮጌው ሕንፃ ምድር ቤት፣ አርባ አንድ ጠርሙስ ትል ይጠብቃል። ትል ስላችሁ ደግሞ የጎመን ትል እንዳይመስላችሁ። ከቀይ ባሕር የመጡ ጠፍጣፋ ትሎች ናቸው፤ እንደ ቅጠል የሳሱ፣ ትንሹ የጣት ጥፍር፣ ትልቁ መዳፍ የሚያክል፣ በሕይወት ሳሉ ዳር ዳራቸውን እያርገበገቡ የሚዋኙ። ቢያዝን ሲዋኙ አላየም። ባሕሩንም አይቶት አያውቅም።

የሰበሰቧቸው ዶክተር ወልደ ገብርኤል ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። በወጣትነታቸው ምጽዋና ዳህላክ ድንጋይ እየገለበጡ ለቀሟቸው፤ ኋላ አገሩ ሲታመስ ጠርሙሶቹን በጭድ ጠቅልለው በጭነት መኪና ባሕር ዳር አስገቧቸው። ቢያዝንን ሲቀጥሩት የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ያን ቀን ያዘዙት አንድ ነገር ነው። «አልኮሉ ሲጎድል አልኮል ጨምር። ከአልኮል በቀር ሌላ ነገር እንዳታስነካቸው።» ለምን እንደሆነ አልነገሩትም። እሱም አልጠየቀም። በዚያን ዘመን ዶክተርን ማን ለምን ብሎ ይጠይቃል!

ቀለማቸውን አልኮሉ ከመጠጠው ቆይቷል፤ ሁሉም ጠርሙስ ውስጥ የታጠበ ጨርቅ ቁራጭ ይመስላሉ። ቀለሙ ያለው ዶክተሩ በውሃ ቀለም በሳሉባቸው ካርዶች ላይ ነው። አንዱ ብርቱካናማ በጥቁር የተዘመዘመ፣ አንዱ ወይን ጠጅ ወርቃማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ዓይን የሚያፈዙ ናቸው። ሠላሳ አራቱ ትሎች እንዲህ ያለ ካርድ አላቸው። የቀሩት ሰባት ግን ካርድ አልተሳለላቸውም፤ «ቡናማ» የሚል በእርሳስ የተጫረ ወረቀት ብቻ ነው ያላቸው።

ዶክተሩ ሞቱ። ተማሪዎቻቸው ወደ ዓሣና ወደ እምቦጭ ጥናት ዞሩ። የትምህርት ክፍሉ ወደ አዲሱ ፎቅ ሲዛወር ምድር ቤቱን ያስታወሰው የለም። የቢያዝን ሚስት ፅጌ ማርያምም ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልጅ አልወለዱም። ጠዋት ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤቱ በባጃጅ ይመጣል፣ ጠርሙሶቹን ይወለውላል፣ የጎደለውን ሞልቶ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ በጠባቧ መስኮት ደንገሉንና ውሃውን እያየ ምሳውን ይበላል፣ ይመለሳል። አንዳንዱ ሳምንት ከባጃጅ ነጂና ከዘበኛው ከሣህሉ በቀር ከሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጥ ዓርብ ይሆናል። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በኅዳር ወር፣ ሰገነት በሩን አንኳኳች። ሰገነት የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ውጭ አገር ተምራ ኮሌጁ በመምህርነት ከቀጠራት ወር አልሞላትም። የተማረችው ደግሞ፣ አይገርምም፣ የባሕር ጠፍጣፋ ትሎችን መርዝ ነው።

«የቀይ ባሕር ትሎች እዚህ አሉ ያሉኝ እውነት ነው?» አለች ገና ከደጅ።

«እውነት ነው ዶክተር፣ ይግቡ።»

«ኧረ በማርያም ዶክተር አይበሉኝ ጋሼ፣ ሰገነት ነኝ» አለችና ገብታ አንዱን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቢያዝን ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ለእነዚህ ጠርሙሶች ያለቀሰ ሰው አላየምና ወንበሩን ጎትቶ ሰጣት።

«ከእነዚህ ዘመዶች ውስጥ ሰው የሚገድል መርዝ የተሸከሙ አሉ» አለችው። «ጃፓኖች የሚበሏት አንዲት ሆዷን የምትነፋ ዓሣ አለች፤ አብሳዩ ከተሳሳተ በላተኛው ይሞታል። የእሷው መርዝ ነው እነዚህም ውስጥ የተገኘው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ምን መሰልዎ? መርዘኞቹ ትሎች መርዙን ከአንድ አያት ነው የወረሱት ወይስ እያንዳንዱ ወገን ለብቻው ነው ያገኘው? ይህን ለማወቅ ዘራቸውን መቁጠር አለብን።»

ዘር መቁጠር ሲባል ቢያዝን ወዲያው ገባው። ፅጌ ማርያምን ሲያጩለት ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ድረስ ቆጥረው ነበር። «እና አንደበት የሌለው ትል እንዴት ብሎ ዘሩን ይቆጥራል?» አላት።

ሳቀች። «ሥጋው ውስጥ ተጽፏል። ዲኤንኤውን ማንበብ ነው። ዶክተር ወልደ ገብርኤል አርቆ አሳቢ ነበሩ፤ በአልኮል ባያስቀምጧቸው አልቆልን ነበር። ፎርማሊን ቢነካቸው ኖሮ ዲኤንኤው ብጥስጥሱ ይወጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዘራቸውን የሚያነብ የለም።»

ቢያዝን የያዘውን መወልወያ ጨርቅ አስቀመጠ። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልጠየቀው የ«ለምን» መልስ ይኸው መጣ፤ የመጣው ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

እሷ አላየችውም። የድሮውን ዝርዝር ወረቀት በጣቷ እየተከተለች ነበር። «ደግሞ እነዚህ ሰባቱስ? ቡናማ የሚላቸው? የታሉ? በዋናነት የምፈልገው እነሱን ነው ጋሼ። ብዙ ጊዜ መርዙ የሚገኘው ካሸበረቁት ሳይሆን ከእነዚህ ከሚያስጠሉት ወገን ነው።»

«ደርቀው ተጣሉ» አለ ቢያዝን።

ከአፉ ያመለጠው ሳያስበው ነው። ሰባቱ ጠርሙሶች አልተጣሉም። በካርቶን ተከድነው፣ እሷ ከተቀመጠችበት ወንበር ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 ኮሮና የገባ ጊዜ ኮሌጁ ሳኒታይዘር ያመርት ጀመር። ኮሚቴ ተቋቋመና በየክፍሉ ያለው አልኮል በሙሉ ተሰበሰበ፤ ከምድር ቤቱ አንዲት ጠብታ አልቀረችም። ቢያዝንም ሰው ሊድንበት ነው ብሎ በደስታ አስረከበ። ግን መጋቢት ነበር፤ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ የጠርሙሶቹ ክዳን ያረጀ ነው፣ አልኮሉ በየቀኑ ይጎድላል። ሚያዝያ ላይ አንዳንዶቹ ትሎች ጀርባቸው ከፈሳሹ በላይ ታየ። ጽፎ ጠየቀ፤ የሚሰማው አላገኘ። ያለው የዓሣ ማቆያ ፎርማሊን ብቻ ነው። ፎርማሊን ደግሞ በእሱ ግምት ከአልኮል የበረታ መድኃኒት ነው፤ አምባዛውንና ቆሮሶውን ሃያ ዓመት እንደ ትኩስ አቆይቶ አይደል! ስለዚህ ካርድ የተሳለላቸውን፣ የሚሳሳላቸውን ሠላሳ አራቱን በፎርማሊን ሞላ። ለሰባቱ ቡናማዎች ሳይደርስ ፎርማሊኑ አለቀ።

እነሱን ዝም ብሎ ማድረቅ ግን ሆዱ አልቻለም። ሰፈሩ አገርነሽ የምትባል አረቄ አውጪ አለች። ሄዶ ሁለቴ የወጣውን ዳግም አረቄ በጄሪካን ገዛ። አገርነሽ ዓይኗን ማመን አቃታት፤ ቢያዝን በሠርግ እንኳ ጠጅ የማይቀምስ ሰው ነው። «ሐዘኑ አሸነፈው፣ ወይኔ ቢያዝን!» ብላ ለሰፈሩ አወራች። በዚያ ላይ ከእሱ በፊት የነበረው ሠራተኛ የላብራቶሪውን አልኮል በውሃ እየበረዘ ሲጠጣ ተይዞ የተባረረ ነው። ምድር ቤቱ አረቄ አረቄ ሸተተ ቢባል ማን ለትል ነው ብሎ ያምናል? በሁለተኛው ዓመት አልኮል ሲመጣ ፎርማሊኑን ደፍቶ ሠላሳ አራቱን በአልኮል መለሰ፤ ለሰባቱ የሚተርፍ አልነበረም፤ በአረቄያቸው ተሸሸጉ። መዝገቡ ላይ ግን በየወሩ «አልኮል ተጨምሯል» ይላል፣ በእሱ እጅ ጽሕፈት።

እንግዲህ ያን ቀን ምነው አፉን በከፈተ! ሁለት ቃል ነበር። «ፎርማሊን ነክቷቸዋል። ቡናማዎቹ አሉ።» አላለም። ነገ እነግራታለሁ አለ። በማግስቱ ሰገነት ምሳ ዕቃዋን ይዛ መጣች።

«ፎቁ ላይ ሁሉም በየስልኩ ነው የሚበላው» አለች። «እዚህ ልብላ ጋሼ?»

በላች። እሱ ያመጣውን ሽሮ ቀመሰች፣ ጨው አንሶታል ብላ ቀለደችበት፣ እሷ ከሐይቁ ዳር ያስጠበሰችውን ቆሮሶ አጎረሰችው። ጉርሻ ከቀመሰ ስንት ዘመኑ! በሦስተኛው ቀን ከአዲሱ ሕንፃ ሁለተኛ ወንበር ተሸክሞ አመጣ። በሳምንቱ ነጭ ካፖርቱን አስተኮሰ። ሣህሉ ዘበኛው «ጋሽ ቢያዝን፣ ሙሽራ ሆንህ እኮ» ብሎ ሳቀበት። ቢያዝን እየሳቀ ገባ።

ስለ እናቷ ትነግረዋለች። እናቷ በስልክ «ባል ጠፍቶ ነው ትል የምታጠኚው?» እንደምትላት ትነግረውና ሁለቱም ይስቃሉ። እሱም ስለ ፅጌ ማርያም ነገራት፤ ለማንም ያልነገረውን፣ በሆስፒታል የመጨረሻ ሳምንቷ መልኩን ረስታ «ይህ ሰው ማነው?» እንዳለችው ነገራት። ሰገነት እጁን ያዘችው። እንዲህ ያለ ነገር ከያዘ ሰው በገዛ እጁ እንዴት ይጣለው? በየቀኑ ዛሬስ ልንገራት ይላል፤ በየቀኑ ምሳው እስኪያልቅ ይላል፤ ምሳው ያልቃል።

ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ አራት ወር ፈጀ። አንድ የውጭ አገር ላብራቶሪ አሥራ ሁለት ናሙና በነፃ ሊያነብላት ተስማምቶ ነበር፤ ከአሥራ ሁለት አንድ አይጨምርም። ሰገነት ከሚያምሩት ትሎች ከዘጠኙ በቀጭን ምላጭ ቁራጭ ወሰደች። ሦስቱን ቦታ ባዶ ተወችው።

«ለምን?» አላት።

«ለቡናማዎቹ ነው ጋሼ። ከሌላ ሙዚየም አጣለሁ ብዬ አላምንም። ለሁሉም ጽፌያለሁ።»

እውነትም ጽፋ ነበር። መልሱ ሲመጣ እዚያው ከፍታ ታነብለታለች፤ የለንም፣ አለን ግን በፎርማሊን ነው፣ የለንም። እየሰማ ዓይኑ ወደ ቁም ሣጥኑ ኋላ ይሄዳል። ያን ጊዜ ራሱን ጠላ። ግን መጥላት ሌላ፣ መናገር ሌላ ሆነበት።

ውጤቱ በሰኔ መጣ። ሰገነት ምሳ ዕቃ ሳትይዝ ወረደች። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ዘጠኙም ባዶ ናቸው» አለች። «አንድ እንኳ አልተነበበም። እጄ ነው ጋሼ። ስቆርጥ አበላሽቻቸዋለሁ፣ ወይ በደንብ አላጠብኩም። ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ እጅ የለኝም ማለት ነው። ለኃላፊው ነግሬዋለሁ፤ ከመስከረም ጀምሮ ከዓሣዎቹ ቡድን ጋር እሠራለሁ። ትል በቃኝ።»

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ቢያዝን እስከዚያች ሰዓት የፈራው ትታው እንዳትሄድ ነበር። አሁን ግን ልትሄድ ነው፤ ያውም ጥፋቱን በራሷ ላይ ጭና።

«እጅሽ አይደለም» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «የኔ ነው። ፎርማሊን ነክቷቸዋል። በኮሮናው ጊዜ አልኮሉ ሲወሰድ እኔ ጨመርሁባቸው።»

ሰገነት ቀና አለች። «መዝገቡስ?»

«በሐሰት ጻፍሁ።»

«ዲኤንኤውን እንደሚያጠፋው መቼ አወቁ?»

«መጀመሪያ የመጣሽ ዕለት። አንቺው ነገርሽኝ።»

ጣቷን እያጠፈች ስትቆጥር አየ። ስምንት ወር። ጮኻ ብትሰድበው ደስ ባለው። የቀረውን ደግሞ መናገር ነበረበት። ተነሣና ቁም ሣጥኑን ገፋ አደረገ፣ ካርቶኑን ጎትቶ አወጣ፣ እግሯ ሥር አኖረው።

«ቡናማዎቹ አልተጣሉም። ያሉት በአረቄ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብዬ አፍሬ ደበቅኋቸው።»

ከፈተችው። የአገርነሽ ዳግም ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሰገነት አንዱን ጠርሙስ አንሥታ ወደ ብርሃኑ አየችው። «ፎርማሊን ነክቷቸዋል?» አለች።

«በፍጹም። ለእነሱ አልደረሰም።»

«የዘጠኙን ዕድል፣ ፈቃዱን፣ ስምንቱን ወር...» አለችና አቋረጠችው። «ቡናማዎቹን ስጠይቅዎ አጠገቤ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

ሰባቱንም ጠርሙስ በካርቶኑ እንዳለ አቅፋ ይዛ ወጣች። በሩን ለመክፈት ሊረዳት ተነሣ፤ በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችው።

ከዚያ በኋላ ለምሳ አልመጣችም። ክረምቱ ገባ፤ ሐይቁ ሞልቶ ደንገሉን ዋጠው፤ ቢያዝን ሁለተኛውን ወንበር ከቦታው አላነሣም፣ ምሳውን ግን ጀርባውን ሰጥቶት ይበላ ጀመር። አንድ ሁለቴ ግቢው ውስጥ አገኛት። ሰላምታ አልነፈገችውም፣ «እንደምን ዋሉ?» ብላ ጎንበስ ትላለች፣ ታልፋለች። ትከሻውን የሚያከብደው ይህ ጎንበስ ማለቷ ነው። የተቆጣ ሰው ይታረቃል፤ ጨዋ ሰውን በምን ያስታርቁታል?

መስከረም መጨረሻ ላይ ዘበኛው ሣህሉ እየሮጠ ወረደ። «ጋሽ ቢያዝን፣ ጉድህን ሰማህ? ትሎችህ ዘራቸው ተቆጠረ አሉ! ፎቁ ላይ ለስላሳ እየተጠጣ ነው!»

እውነት ነበር። ባዶ በተወችው ቦታ ከላከቻቸው ሦስት ቡናማዎች ሁለቱ ተነበቡ። አረቄው አልኮሉን ባያህልም ከመበስበስ አድኗቸዋል። እነዚያ ካርድ እንኳ ያልተሳለላቸው፣ ስም ያልወጣላቸው ትሎች ከታወቁት መርዘኞች ወገን ሆነው ተገኙ፤ ከአንዱ ሥጋ ላይም የመርዙ ርዝራዥ ተገኘ። ዶክተር ወልደ ገብርኤል ያልጠረጠሩትን እሷ ደረሰችበት። ቢያዝን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመና እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ደስታውና ሐዘኑ ተደባልቆበት የቱ እንደበለጠ አያውቅም።

ወደ ፎቁ አልወጣም። ማን ጠራውና! ግን ነጭ ካፖርቱን አስተኩሶ ለበሰ፤ ምናልባት ትወርድ ይሆናል አለ።

በሦስተኛው ቀን ወረደች። ቢያዝን ብድግ ብሎ ወንበሩን በካፖርቱ ጫፍ ጠረገላት። «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ! እንኳን እግዚአብሔር ድካምሽን ቆጠረልሽ!»

«አሜን፣ እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለች። አልተቀመጠችም። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛለች። «ጥናቱን ልጽፍ ነው። ናሙናዎቹ እንዴት እንደቆዩ ሁሉም በእውነት መስፈር አለበት። ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ። ምንም አልደብቅም።»

ጠየቀች፤ እሱም መለሰ። ፎርማሊኑ የገባው መቼ ነው? ሚያዝያ ስምንት፣ 2012። ስንት ጊዜ ቆየባቸው? ሃያ ሁለት ወር። አረቄው ምን ያህል ብርቱ ነበር? ዳግም ነው፤ ክብሪት ሲለኩሱበት የሚነድ። ከየት ተገዛ? ስሟን ጭምር ነገራት። በየስንት ጊዜው ተጨመረ? በየሁለት ወሩ፣ ሰው በሌለበት በምሳ ሰዓት። አንዷም ጥያቄ ሌላ ነገር አልነካችም፤ ጥርት ያሉ፣ ለሥራው የሚያስፈልጉ ጥያቄዎች ነበሩ። የሚጽፈውን እጇን እያየ ቆመ።

«የደበቁኝ በአረቄው አፍረው ነው አይደል?» አለች፣ ቀና ሳትል። «ምክንያቱንም በአጭሩ እጠቅሰዋለሁ፤ ስምዎን አላነሣም።»

«አፍሬ ነው» አለ።

ይህ እውነት ነው፣ ግማሽ ነው እንጂ። ሌላውን ግማሽ ለራሱ አስቀረው፦ ከነገርሁሽ ነገ አትመጪም ብዬ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ብቻዬን በልቼ ካንቺ ጋር ስምንት ወር በላሁ፤ ከቀይ ባሕር ትሎችም ከሥራሽም ያን ምሳ አስበለጥሁ፤ ለዚህ ነው የበደልሁሽ። ቢላት ምን ትለው ይሆን? ምናልባት ትቀመጥ ነበር። ምናልባት ደግሞ አዝናለት ትሄድ ነበር፤ እንዲታዘንለት ደግሞ አልፈለገም።

ሰገነት ደብተሩን ገለጠች፣ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አየች፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው።

«ሌላ ያልነገሩኝ ነገር አለ?»

«የለም» አለ ቢያዝን።

«እሺ» አለች ሰገነት፤ የለም ብላ ጻፈችና ደብተሩን ከደነችው።